ከዶራሌ ወደብ እስከ ቤት ምሰሶ፦ የተተኳሽ አያያዝና ያልተሰጠ ውሳኔ

ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ፣ ከባልባላ ሠፈር ባሻገር በባሕሩ ዳር የሚገኘው ዶራሌ፣ ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ውስጥ በአፍሪካ ቀንድ ከሚገኙት ቦታዎች ሁሉ ጭነት በብዛት ከሚከማችባቸው አንዱ ሆኗል። የኮንቴይነር ወደቡ በ2001 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ሁለገቡ ወደብ ግንቦት 16 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ። ከዚሁ ወደብ ጋር የሚዋሰነው የቻይና ጦር የድጋፍ ሠፈር በዚያው ዓመት ሐምሌ 25 ቀን ተከፈተ። በአቅራቢያው የነዳጅ ማከማቻ ጋኖች ቆመዋል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ እስከ ወደቡ ይደርሳል፤ በሌላው ወገን ደግሞ በፒኬ 12 በኩል ወደ ጋላፊ የሚያመሩ የጭነት መኪናዎች ይሰለፋሉ። ከኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ ውስጥ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ በመሆኑ፣ ዶራሌ የሚባለውን ስም ሰምቶ የማያውቅ ነጋዴም ሆነ ሾፌር በከተሞቻችን አይገኝም።

በዚህ ወደብ ምን ዓይነትና ምን ያህል የጦር ዕቃ እንደሚያልፍ መዘርዘር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም፤ ለወታደር ሙያም አይገባም። ጸሐፊው ዶራሌን የመረጠው በሌላ ምክንያት ነው። ነዳጅ፣ ኮንቴይነር፣ ማዳበሪያ፣ ሐዲድ፣ የጦር ሠፈርና የሕዝብ መኖሪያ በአንድ አጭር መንገድ ላይ የተሰበሰቡበት፣ ፀሐዩም እጅግ የሚበረታበት ቦታ ስለ ሆነ፣ የመሣሪያና የተተኳሽ አያያዝ ጥያቄ በዚያ ቦታ ላይ ራቁቱን ይታያል። ያው ጥያቄ ግን በየጦር ሠፈራችንና ጠመንጃ በምሰሶ ላይ በተሰቀለበት ቤት ሁሉ አለ።

በመሠረቱ ይህ ጠረፍ ከመሣሪያ ጋር ያለው ትውውቅ የቆየ ነው። ከታጁራ፣ ከኦቦክና ከጅቡቲ ተነሥተው የአፋርን በረሓ የሚያቋርጡት ሲራራዎች በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወደ ሸዋ ያጓጉዙት ከነበረው ዕቃ ውስጥ ጠመንጃና ጥይት ዋናው ነበር። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርቱር ራምቦ ቅኔውን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ በታጁራ ወራት ሙሉ ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ ከርሞ፣ በ1879 ዓ.ም. ወደ 2,000 የሚጠጋ ጠመንጃ ለንጉሥ ምኒልክ ያመጣው በዚህ መንገድ ነው። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ላይ ከተተኮሰው ሰናድርና ውጅግራ ከፊሉ በዚሁ ጠረፍ በኩል የገባ ነበር። ከዚያ በኋላም ጥይት በገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ያገለገለበት ዘመን እንደ ነበረ የሚታወቅ ነው፤ ገበሬው በጥይት ጨው ይገዛ፣ መልሶም በጥይት ይቀበል ነበር።

ይህን ታሪክ ያነሣነው ለጌጥ አይደለም። ጥይት እንደ ገንዘብ ሲቆጠር በኖረበት አገር ጥይትን መጣል፣ ማቃጠል፣ ከመዝገብ መሰረዝ ሀብትን እንደ ማጥፋት ይታያል። ጥይት ግን ገንዘብ አይደለም። ብር በሣጥን ውስጥ ሃምሳ ዓመት ቢቀመጥ ብር ነው፤ ባሩድ ግን ዕድሜ አለው፤ ያረጃል፤ ሲያረጅም ዝም ብሎ አይበላሽም።

በዛሬው ጥይትና የመድፍ ተተኳሽ ውስጥ የሚገኘው ጭስ አልባ ባሩድ መሠረቱ ናይትሮሴሉሎዝ የተባለው ንጥረ ነገር ነው። ይህ ንጥረ ነገር ከተሠራበት ቀን ጀምሮ በዝግታ ራሱን ይበላል። እንዳይፋጠን ፋብሪካው ማረጋጊያ የሚባል ቅመም ይጨምርበታል፤ ማረጋጊያው ከባሩዱ የሚወጣውን አሲድነት ያለው ጋዝ እየያዘ ያከስማል። ማረጋጊያው ሲያልቅ ግን የሚከላከል ነገር የለም፤ ባሩዱ ይሞቃል፤ ሙቀቱ መበስበሱን ያፋጥናል፤ መበስበሱ ደግሞ ሙቀቱን ይጨምራል፤ በመጨረሻም ማንም ክብሪት ሳይጭርበት በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። በግምት ሲሰላ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የመበስበሱ ፍጥነት እጥፍ ወይም ከዚያ በላይ ይሆናል። እንግዲህ በደጋ ግምጃ ቤት በ20 ዲግሪ ብዙ ዓመት የሚቆይ ባሩድ በቆላ በ40 ዲግሪ ከዚያ ዕድሜ ሩቡን ያህል ቢያገኝ ነው። በጅቡቲ የሐምሌ ቀን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ካምሲን የተባለው ነፋስ ከበረሓው ሲነሣ ጥላ እንኳ አያስጥልም። በፀሐይ ላይ የተቀመጠ፣ በሩ የተዘጋ የብረት ኮንቴይነር ውስጥ ያለው ሙቀት ደግሞ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል።

በዚህ የተነሣ ነው በዓለም ወደቦች ፈንጂና ተተኳሽ ከመርከብ ሲወርድ በቀጥታ በመኪና ወይም በባቡር ተጭኖ ከወደቡ እንዲወጣ እንጂ እንዲያድር የማይደገፈው። በባሕር የሚጓጓዙ አደገኛ ዕቃዎችን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ደንብ ፈንጂን አንደኛ ክፍል አድርጎ ይመድበዋል፤ ከሌላው ጭነት ሁሉ የሚጠበቅበት ጥንቃቄም በዚያው መጠን የጠበቀ ነው። ደንቡ የሚጣሰው ብዙውን ጊዜ በክፉ ሐሳብ ሳይሆን ባልተሟላ ሰነድ፣ ባልመጣ መኪና፣ ባልተፈረመ ወረቀት ነው። ዕቃው ለአንድ ሌሊት ተብሎ ይቀመጣል፤ ሌሊቱ ወር ይሆናል።

ወሩ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ የሆነበትን ጉዳይ እንመልከት።

በ2001 ዓ.ም. ከኢራን ወደ ሶሪያ ትጓዝ የነበረች ሞንቼጎርስክ የተባለች መርከብ በቆጵሮስ ተይዛ፣ በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ ምክንያት የጫነችው ተተኳሽ በ98 ኮንቴይነር ተራገፈ። ኮንቴይነሮቹ በደሴቲቱ ደቡብ በሚገኘው የኤቫንጌሎስ ፍሎራኪስ የባሕር ኃይል ሠፈር ውስጥ በሜዳ ላይ ተደረደሩ። ዕቃውን ለባለቤቱ መመለስ አይቻልም፤ ለሌላ መንግሥት መስጠት ከዲፕሎማሲ አንጻር ያስቸግራል፤ ማጥፋትም ባለቤቱን ያስቆጣል ተባለ። ስለዚህ ምንም ሳይወሰን ክረምትና በጋ ተፈራረቀበት። የሠራዊቱ ባለሙያዎች አስጠንቅቀው ነበር። በሐምሌ 2003 ዓ.ም. መባቻ አካባቢ ከኮንቴይነሮቹ አንዱ ከውስጥ በተነሣ ግፊት አብጦ ተገኘ፤ ስብሰባም ተደረገ። ሐምሌ 4 ቀን 2003 ዓ.ም. ሊነጋጋ ሲል እሳት ተነሣ፤ ወዲያው ክምችቱ በሙሉ ፈነዳ። የባሕር ኃይሉን አዛዥ ጨምሮ 13 ሰዎች ሞቱ፤ ከሞቱት ውስጥ እሳቱን ለማጥፋት የደረሱ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ነበሩበት። በአጠገቡ የነበረው የቫሲሊኮስ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ወደመ፤ የደሴቲቱ ግማሽ ያህል መብራት ከዚያ ይመነጭ ስለ ነበር አገሪቱ በበጋ ሙቀት ወራት ሙሉ በፈረቃ መብራት ኖረች። የመከላከያ ሚኒስትሩ ከሥልጣን ወረዱ፤ ኋላም በፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብለው ታሰሩ።

ሊሰመርበት የሚገባው ነጥብ የሚከተለው ነው። በቆጵሮስ ጠላት አልነበረም። አሻጥር አልነበረም። ዕቃውን የሰረቀ አልነበረም፤ ዘበኛውም ከቦታው አልጠፋም። የጎደለው ውሳኔ ብቻ ነው። ባለሙያው ጻፈ፤ አለቃው ወደ በላይ አስተላለፈ፤ የበላዩም ለሌላ ስብሰባ አሳደረው። ባሩዱ ግን ስብሰባውን አልጠበቀም።

የቤይሩት ጉዳይ ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነው። ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. የፈነዳው 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ከአንድ መርከብ ተራግፎ በወደቡ መጋዘን ውስጥ ወደ ስድስት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የቆየ ነበር። የጉምሩክ ሹማምንት ዕቃው እንዲነሣ ደጋግመው ጽፈዋል። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እሳት ተነሥቷል ተብለው የተላኩት የእሳት አደጋ ቡድን አባላት አሥሩም በዚያው አለቁ። እግረ መንገዳችንን ግን አንድ የተሳሳተ ሐሳብ ማረም ይገባል፦ በጅቡቲ በኩል ለገበሬው የሚመጣው ዩሪያ ከዚህ የተለየ ማዳበሪያ ነው፤ እንደ አሞኒየም ናይትሬት የመፈንዳት ጠባይ የለውም። ከቤይሩት በኋላ የማዳበሪያ ጆንያ ባየ ቁጥር የሚደነግጥ ሰው ስለ አጋጠመን ነው ይህን ማለታችን።

ዕቃን ከዕቃ ቀላቅሎ ማስቀመጥ ምን እንደሚያመጣ ደግሞ የቦምቤይ ወደብ ያስተምራል። ሚያዝያ 6 ቀን 1936 ዓ.ም.፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ ፎርት ስቲኪን የተባለች የእንግሊዝ መርከብ 1,400 ቶን የሚደርስ ፈንጂና ተተኳሽ ከጥጥ እሽግ ጋር ቀላቅላ ይዛ በወደቡ ላይ ሳለች ጥጡ ተያያዘ። ጥጥ ውስጥ ውስጡን እየጨሰ የሚቃጠል ነገር ስለ ሆነ እሳቱ ቶሎ አልታየም፤ ከታየ በኋላም በውኃ ሊጠፋ አልቻለም። ከ800 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በወደቡ የነበሩ ሌሎች መርከቦችም ሰመጡ። በየግምጃ ቤቱ ጥይት ከድንኳን፣ ከብርድ ልብስ፣ ከቀለምና ከነዳጅ በርሜል ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ማስቀመጥ የተለመደባቸው ክፍሎች ቢኖሩ፣ የሚያደርጉት የፎርት ስቲኪንን ጭነት በትንሹ መድገም ነው።

እስካሁን ያነሣነው ስለ ጊዜና ስለ ሙቀት ነው። የሟቾችን ቁጥር የሚወስነው ግን ርቀት ነው።

ጥር 19 ቀን 1994 ዓ.ም. በሌጎስ ከተማ በኢኬጃ የጦር ሠፈር ያለው ተተኳሽ ፈነዳ። ሠፈሩ በከተማው መካከል ነበር። ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙዎቹን የገደላቸው ፍንጣሪ አይደለም፤ በጨለማ ሲሸሹ ኦኬ አፋ በተባለው ቦይ ውስጥ ገብተው የሰመጡ፣ አብዛኞቹም ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የካቲት 25 ቀን 2004 ዓ.ም. በብራዛቪል ምፒላ በሚባለው ሠፈር በታንከኛ ክፍለ ጦር ግምጃ ቤት የደረሰው ፍንዳታ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ፤ በሺህ የሚቆጠሩትን ቤት አልባ አደረገ። የካቲት 28 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢኳቶሪያል ጊኒ የወደብ ከተማ በሆነችው በባታ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የአገሪቱ መንግሥት እንዳስታወቀው በአቅራቢያው የነበሩ ገበሬዎች ማሳቸውን ለማጽዳት የለቀቁት እሳት በጥንቃቄ ጉድለት ወደ ተቀመጠው ዲናሚት ደርሶ ነው። ሰኔ 11 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ተራው የቻድ ዋና ከተማ የኢንጃሜና ሆነ።

ጸሐፊው የቀን መቁጠሪያ ሲያገላብጥ የኢኬጃ፣ የምፒላና የባታ ፍንዳታዎች ሦስቱም በእሑድ ቀን የደረሱ መሆናቸውን አስተውሏል። ከዚህ ተነሥቶ መንሥኤው እሑድ ነው ሊባል አይቻልም። የእሑድን ተረኛ ዝርዝር የሚያወጣ ሻምበል ግን ነገሩን ቢያስብበት አይጎዳም።

የራሳችንም አለን። ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ገና አንድ ሳምንት ሲሆነው፣ ግንቦት 27 ቀን 1983 ዓ.ም. ሊነጋ ሲል በከተማው የነበረ ትልቅ የጥይት ግምጃ ቤት ፈነዳ። ወደ 100 የሚጠጉ ሰዎች እንደ ሞቱ በጊዜው ተዘግቧል። የ1977 ዓ.ም. ረሀብን ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው የፎቶግራፍ ባለሙያ ሞሐመድ አሚን እሳቱን ለመቅረጽ ባልደረቦቹን ይዞ ሄደ፤ ሌላ ፍንዳታ ተከትሎ ግራ እጁን ቆረጠው፤ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይ በዚያው ሞተ። በዚያ ጠዋት የነበሩ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መስኮታቸው ሲረግፍ ጦርነቱ ዳግመኛ የተነሣ መስሏቸው ነበር።

በቆጵሮስ፣ በቤይሩትና በአዲስ አበባ የሆነውን ጎን ለጎን ስናስቀምጥ አንድ የጋራ ነገር እናገኛለን፦ የመጀመሪያው ድምፅ ወይም ጭስ ሰውን ይጠራል፤ የሚገድለው ቀጥሎ የሚመጣው ነው። ከተማ ነዋሪው ጭስ ሲያይ ወደ ጭሱ የሚሮጥበት ልማድ በቤት ቃጠሎ ጊዜ በጎ ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ካልደረሰ ማን ይደርሳል? ከጦር ግምጃ ቤት ጭስ ሲወጣ ግን መሮጥ ያለበት ወደ ሌላው አቅጣጫ ነው፤ ከመስኮት ርቆ፣ ከግንብ ወይም ከጉብታ ጀርባ። ይህንንም ለሕዝቡ አስቀድሞ የመንገር ግዴታ የሠፈሩ አዛዥ ነው። ምስጢር ይወጣል ተብሎ አይታለፍም፤ ግምጃ ቤቱ የት እንዳለ አጠገቡ የሚኖረው ሕዝብ ሁሉ ያውቀዋልና።

ምን ያህል መራቅ እንደሚያስፈልግ በግምት የሚነገር አይደለም፤ ስሌት አለው። በተባበሩት መንግሥታት የተተኳሽ አያያዝ መመሪያና በብዙ ጦር ሠራዊቶች ደንብ እንደሚሠራበት፣ በአንድ ጊዜ ሊፈነዳ የሚችለው የፈንጂ መጠን በኪሎ ግራም ተወስዶ ኩብ ሥሩ በ22.2 ሲባዛ ከመኖሪያ ቤት ሊኖር የሚገባው ርቀት በሜትር ይገኛል። ለ1,000 ኪሎ ግራም 222 ሜትር ይሆናል፤ ለ8,000 ኪሎ ግራም 444 ሜትር፤ ለ64,000 ኪሎ ግራም 888 ሜትር። ክምችቱ ስምንት እጥፍ ሲያድግ ርቀቱ በእጥፍ ብቻ ማደጉን ያስተውሏል። ነገር ግን ከነፋሱ ግፊት ሌላ የብረት ፍንጣሪ ስላለ ለአነስተኛው ክምችት እንኳ ዝቅተኛው ርቀት ወደ 400 ሜትር ከፍ እንዲል ይደረጋል። ይህ ስሌት የሚሠራው በአንድነት ለሚፈነዱ እንደ ሞርታር፣ የመድፍ ጥይት፣ ፈንጂና ቦምብ ላሉት ነው። የጠመንጃ ጥይት በሣጥኑ ሳለ እሳት ቢይዘው አንድ በአንድ እየተንጣጣ ያልቃል እንጂ በአንድ ጊዜ ሠፈር አያፈርስም። በመሆኑም የጠመንጃ ጥይትን ከሞርታር ጋር በአንድ ክፍል ማስቀመጥ የቀላሉን አደጋ ከከባዱ ጋር ማሰር ነው።

ችግሩ ግምጃ ቤቱ ሲሠራ ከከተማው ውጭ የነበረ መሆኑ ነው። ሠፈሩ ባለበት ቆሞ ከተማው ወደ እርሱ ይመጣል። ወታደሩ ቤተሰብ አለው፤ ቤተሰቡ በአጥሩ ሥር ጎጆ ይቀልሳል፤ ሻይ ቤት ይከፈታል፤ ጠላ ቤቱ ይከተላል፤ ከዚያ ማዘጋጃ ቤቱ ቦታ ይመራል። በብራዛቪልም በሌጎስም የሆነው ይኸው ነው። ዶራሌም ሲታቀድ ከከተማው ራቅ ብሎ ነበር፤ ሥራ ያለበት ቦታ ግን ሰው ይስባል፤ ባልባላም በየዓመቱ እያደገ ነው። እንዲህ ሲሆን ሁለት መንገድ ብቻ አለ፦ ሕዝቡን ማንሣት፣ ወይም ክምችቱን መቀነስ። ሕዝቡን ማንሣት ከባድና ብዙ ጊዜም ፍትሕ የሌለበት ነው። ክምችቱን መቀነስ ግን አንድ ፊርማ የሚጠይቅ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቤት በግልጽ መናገር ይገባል። ብዙ የንብረት ክፍል ኃላፊ ከፍንዳታው ይልቅ የሚፈራው ጉድለትን ነው። በቆጠራ ጊዜ አንድ ሣጥን ቢጎድል ይጠየቃል፤ አንድ ሣጥን ዝጎ፣ ልቡሱ አረንጓዴ አውጥቶ፣ ባሩዱ አልቦ ቢገኝ ግን በመዝገቡ ላይ ቁጥሩ ሙሉ ስለ ሆነ የሚጠይቀው የለም። ስለዚህ ያረጀው ከአዲሱ ሥር ይገፋል፤ ርክክቡ ከኃላፊ ወደ ኃላፊ በቁጥር ብቻ ይተላለፋል፤ የተሠራበት ዓመትና የምርት ቁጥሩ ሳይነበብ ይፈረማል። ወደ ግንባር ሲወጣ የሚሰጠውም ከላይ ያለው አዲሱ ነው፤ የታችኛው ከሥፍራው ሳይነቃነቅ ሌላ ዓመት ይጨምራል። ይህ አሠራር እስካልተለወጠ ድረስ የእሳት ማጥፊያ አሸዋና ባልዲ በበሩ ላይ መደርደር ለጎብኚ አለቃ ዓይን ከማማር አያልፍም።

መሠራት ያለበት ደግሞ የማይታወቅ ነገር አይደለም። መዝገቡ ከቁጥር ሌላ የምርት ዓመትን ይያዝ፤ አስቀድሞ የገባው አስቀድሞ ይውጣ። ፊውዝና ቀስቃሽ ከዋናው ፈንጂ ተለይቶ በሌላ ክፍል ይቀመጥ። ሣጥኑ ከመሬት በእንጨት ከፍ ይበል፤ ከግድግዳም ነፋስ የሚያልፍበት ያህል ይራቅ። በግምጃ ቤቱ ዙሪያ ያለው ሣር ከክረምት መውጫ በኋላ ሳይደርቅ ይታጨድ፤ ባታን ያጠፋት ሣር ነው ማለት ይቻላል። በቆላ ሠፈሮች ኮንቴይነርን ግምጃ ቤት ማድረግ የግድ ከሆነ ከላዩ ሌላ ጣሪያ ይሠራለት፤ በመካከሉም አየር ይለፍ፤ ቴርሞሜትር ይሰቀልና ተረኛው መኮንን በየቀኑ ይመዝግብ። ለጥርጣሬ የሚያበቃው ተተኳሽ በባለሙያ ተመርምሮ ይወገድ፤ ያስወገደውም መኮንን እንደ ንብረት አጥፊ አይታይ። በዓለም ዙሪያ ከ1971 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ከ600 በላይ እንዲህ ያሉ ያልታሰቡ የግምጃ ቤት ፍንዳታዎች ተመዝግበዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ተተኳሽን ከፋብሪካ እስከ ማስወገጃው ድረስ የሚመለከት የአያያዝ ማዕቀፍ ያጸደቀው በ2016 ዓ.ም. ነው። ማዕቀፉ አስገዳጅ ሕግ ባይሆንም ለሚፈልግ አዛዥ ጥሩ መነሻ ይሆነዋል።

ከግምጃ ቤቱ ወደ ቤት እንለፍ። ሰላማዊው ነዋሪ የሚይዘውን መሣሪያ በሚመለከት ስለ ጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን፣ ምዝገባንና የመያዝን ግዴታ ደንግጓል። ሕጉን ማወቅ የያዡ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን በቤት ውስጥ ሰው የሚሞተው ብዙ ጊዜ ፈቃድ ባለውም በሌለውም ጠመንጃ በአንድ ዓይነት መንገድ ነው።

ጸሐፊው ከጦር አካዳሚ ወጥቶ በመጀመሪያ በተመደበበት ክፍል ያየውን አይረሳም። አንድ ወጣት ወታደር ለጽዳት ክላሹን ካዝናውን ነቅሎ አልጋው ላይ ተቀመጠ። «ባዶ ነው» አለ። ቃታውን ሳበ። ጥይቱ ፊት ለፊት ጫማውን ያስር የነበረውን የመንደሩን ልጅ፣ አብሮት የተመለመለውን ጓደኛውን፣ ጭኑ ላይ መታው። ልጁ ተረፈ፤ እግሩ ግን እንደ ቀድሞው አልሆነም። የተኮሰው ወታደር መሣሪያ አያያዝን አልተማረም ሊባል አይችልም፤ ተምሯል፤ ፈተናም አልፏል። ቅደም ተከተሉን ነው ያፈረሰው። ካዝና ሲነቀል ቀድሞ የተቀባበለው ጥይት በውስጥ ይቀራል፤ ካዝናን ነቅሎ፣ መቀርቀሪያውን ስቦ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ክፍል በዓይን አይቶ፣ ጨለማ ከሆነም በጣት ዳስሶ ካልሆነ በቀር «ባዶ ነው» የሚባል ጠመንጃ የለም። ይህ ሁሉ ሲደረግም አፈሙዙ ሰው ወደሌለበት ይዞራል፤ ጣትም ከቃታው ውጭ ይሆናል። አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

በገጠርም በከተማም ጠመንጃ በምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ማየት የተለመደ ነው። ለአባወራው ክብር ነው፤ ለእንግዳም ይታያል። ጠመንጃው ይሰቀል ካሉም ጥይቱ አብሮት አይሰቀል። ዝናሩ በሌላ ቦታ፣ በቁልፍ ሣጥን ውስጥ ይሁን፤ ቁልፉም በአባወራው ወገብ ላይ። የሰባት ዓመት ልጅ ምሰሶ ላይ መውጣት አያቅተውም፤ አባቱ ሲያቀባብል ደግሞ አንድ ጊዜ አይቶ ይማረዋል። መሣሪያ ከእሳቱ አጠገብ፣ ከጭስና ከእርጥበት ጋር ማስቀመጥም ለብረቱ ዝገት፣ ለጥይቱ እርጅና ነው።

በሠርግ፣ በልቅሶና በበዓል ስለሚተኮሰው ተኩስ ብዙ ተብሏልና በአጭሩ እናልፈዋለን፦ ወደ ላይ የወጣ እርሳስ ይወርዳል፤ አናት ላይ ከወረደም ይገድላል። ሙሽራውን ማክበር የፈለገ በዘፈንና በእልልታ ያክብረው።

በመጨረሻም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን ኢትዮጵያ በተካሄደው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ ያልፈነዳ ተተኳሽ በማሳና በወንዝ ዳር ቀርቷል። ቁራሊዮ ለመሸጥ ብረት የሚለቅሙ ልጆችና ከብት የሚጠብቁ እረኞች ያገኙታል። ያልፈነዳ ቦምብ ከግምጃ ቤት ካለው የከፋ ነው፤ ተተኩሶ ሊፈነዳ ሲገባው የቆመ ስለ ሆነ ምን እንደሚያነሣሣው ማንም አያውቅም። አይነካም፤ አይገለበጥም፤ ድንጋይ አይወረወርበትም፤ በጆንያ ተሸክሞ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ማምጣትም ተገቢ አይደለም። ያየው ሰው በመጣበት ዱካ ተመልሶ፣ ራቅ ካለ ቦታ ላይ ለሌላው መንገደኛ የሚታይ ምልክት በድንጋይ ወይም በቅርንጫፍ አድርጎ፣ በቅርብ ላለው የሚሊሺያ፣ የፖሊስ ወይም የመከላከያ ክፍል ቦታውን ይናገር። ልጆችም ቦታውን ለመናገር እንዳይፈሩ፣ ለምን ወደዚያ ሄድክ ተብለው አይገረፉ።